መሃል ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

ከቢሮ የወሰዱኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት አስገቡኝ። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን እስካሁን ዓይን ያስለቅሳል። መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን በግድግዳው ሥር የተደረደረ እግር ነበር። "ግባ ልጄ፣ ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም" አሉኝ አንድ ሽማግሌ፣ እግራቸውን ሰብስበው።

ወንጀሌ ግምት ነው። ሥራዬ የወረዳውን ቤተሰብ ገቢ መገመት ነበር። ሁሉን ቤት ማዳረስ ስለማይቻል ጥቂቱን ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ከድሃው እስከ ሀብታሙ በወረቀት ላይ ታሰልፍና መሃል የቆመውን ቤት ትወስዳለህ። አለቆቼ ይህን አልወደዱትም። የሁሉም ገቢ ተደምሮ በቤቱ ቁጥር ይካፈል አሉ። እንዲያ ሲሆን የጥቂት ባለ ጭነት መኪኖች ገቢ ለገበሬው ሁሉ ይታደላል፣ በወረቀት ማለቴ ነው። ወረዳው ሀብታም ይባላል፤ የእርዳታው ስንዴም ይቀራል። እምቢ አልኩ። በዚህ ክፉ ጊዜ ድህነትን መጻፍ ለታጣቂ መመስከር ነው ተባልኩ።

መርማሪው ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አይበልጥም። "ገበሬ ያለውን እንደሚደብቅ አንተም ታውቃለህ" አለኝ። "ግምቱ ስህተት ነው ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ።" እስከ ነገ አስብበት ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። እውነትም የእኛ አገር ሰው ያለውን አይናገርም። አውድማ ላይ እንኳ እህል ሲሰፈር ዝም ነው፣ በረከቱ እንዳይሸሽ። በሬ ስንት አለዎት ስትለው "ምን አለኝና፣ እግዜር ይመስገን" ይልሃል። ታዲያ ተታልዬ ቢሆንስ? እውነት ላልሆነ ቁጥር ልታሰር ነው እንዴ?

ክፍሉ ውስጥ አብዛኞቹ ከጅጋ ዙሪያ ከአንድ መንደር አብረው የታፈሱ ናቸው። ችግሬን ነገርኳቸውና በሀብታችሁ ልክ ተሰለፉልኝ አልኩ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? በዚህ ነገር ግን ባለቤቱን ዝም አሰኝቼ ጎረቤቱን ነው ያናገርኩት።

የድሃው ጫፍ በሽንት ባልዲው በኩል ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉም ወደዚያ ተንፏቀቀ።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ያ ቆርቆሮ ቤትህስ?" አለ አንዱ።

"ቆርቆሮው የአማቴ ነው።"

"በሬዎቹም የአማትህ ናቸው? ተነስ፣ ወደ ላይ ውጣ!"

ሳቁ በዛና ጠባቂው በሩን ደበደበ። ሲገፋፉ፣ ሲካካዱ፣ ሽማግሌው ሲዳኙ ቆይተው ሰልፉ ረጋ። መሃል ላይ የተቀመጠው አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ያለው አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር እያቀናጀ በተራ ያርሳል። እኔ በወረቀት ላይ መሃል ያገኘሁት ቤትም ልክ እንዲሁ ባለ አንድ በሬ ነበር። እስር ቤት ናሙና እንደማይሆን አላጣሁትም፣ ሙያዬ ነው። ልቤ ግን ረጋ። እንባዬ መጣ፤ በማዳበሪያው አሳበብኩ።

ዝምተኛው ሰውዬ ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ማን ነገረህ ቢሉህ ስም ትሰጣለህ?"

"አልሰጥም። በየደጁ ቃል ገብቻለሁ።"

"እንግዲያው ቁጥሩንም አትንካው። ልጆቼ የሚበሉት ያንን ስንዴ ነው።"

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ብዕሩን ተቀብዬ ከጽሑፉ ሥር "ግምቱ ትክክል ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቀደደው።

"ትበሰብሳታለህ" አለኝ።

"ብበሰብስም ቁጥሩ ያው ነው።"

ሌላ ወረቀት አመጣ። ያንኑ ጻፍኩ።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ። ሥራዬን ተነጥቄ ለተማሪ ሒሳብ እያስጠናሁ እኖራለሁ፤ ባለቤቴም ግትር ትለኛለች፣ አልዋሸችም። ሌላ ሰው አስፈርመው ቁጥሩን ከፍ አደረጉት። ስንዴውም ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

በቅርቡ ጅጋ ገበያ ላይ ያን ዝምተኛ ሰውዬ አገኘሁት። ከስቷል። በሬውን ሸጦታል።

"እንግዲህ ከመሃል ወረድኩ አይደል?" አለኝ።

መንደሩን አውቀዋለሁ። ከላይ የነበሩትም ሸጠዋል፣ ከታች የነበሩትም የሚሸጡት አጥተዋል።

"አልወረድክም" አልኩት። "ሁሉም ስለወረደ አንተ አሁንም መሃል ነህ።"

"እንደዚያው ብለህ ጻፈዋ" አለኝ።

ቢሮ የለኝም፣ ማኅተምም የለኝም። ይኸው ጻፍኩት።