አምስት ፍሬ ባቄላ

የያዙኝ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ነው። ጠመኔውን ለማስቀመጥ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ ኪሴ ውስጥ ይዤው ሄድኩ። ምርጫው ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። የተቃዋሚ ታዛቢ ነበርኩና መያዜ አልገረመኝም።

ከወገዳ በጭነት መኪና ግማሽ ቀን ተጉዘን አንድ እስር ቤት ደረስን። አለቃው ፋይሌን አገላብጦ ሳቀ።

«በየስብሰባው ስለ ሴቶች መብት የምትደሰኩረው አንተ ነህ? እንግዲህ ከወዳጆቻቸው ጋር እደር።»

የከተተኝ የጠለፋና የአስገድዶ መድፈር ፍርደኞች ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፤ ከሰዎቹ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ተጣብቀን ስለምንተኛ አንዱ ሲገላበጥ ሌላውም መገላበጥ ግዱ ነው። ንቄያቸው ነበር፤ አልዋሽም። ብርድ ልብሴን ጥግ ላይ አንጥፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ከሳህናቸውም እጄን አላስገባሁም። እኔ በፖለቲካ ታሰርኩ፣ እነሱ በነውር።

በሦስተኛው ወር ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጣች። ሰውን ወደዚህ ጥፋት የሚያደርሰው ምን ዓይነት ባሕርይና አስተሳሰብ እንደሆነ ለመለካት መጠይቅ ይዛለች። ፍርደኞቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ለሴት ደግሞ አፍረው እውነቱን አይናገሩም። ስለዚህ እንዳነብላቸውና መልሳቸውን እንድሞላ ለመነችኝ። እሺ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ወረቀትና እስክሪብቶ ናፍቆኝ ነበር።

መልሱ አምስት ደረጃ አለው፤ ከ«በፍጹም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። የመጀመሪያው ተጠያቂ ወገዳ ካለችበት ከሲማዳ የመጣ ገበሬ ነበር፣ በጠለፋ አስራ ሁለት ዓመት የተፈረደበት።

«በከፊል መስማማት ምን ማለት ነው፣ መምህር? ሰው ወይ ይስማማል ወይ አይስማማም» አለኝ።

ከስንቅ ላይ አምስት ፍሬ ባቄላ ቆጥሬ ሰጠሁት። እንደ እምነቱ መጠን ከአንድ እስከ አምስት መሬት ላይ እንዲያኖር ነገርኩት።

«ሰው ሲያለቅስ ሳይ ሆዴ ይባባል።» አምስት አኖረ። እውነቱን ነበር፤ ሌላ እስረኛ እናቱ ስትሞትበት አብሮት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

«ሴት እምቢ ስትል በልቧ እሺ ማለቷ ነው።» አሁንም አምስት። ሞላሁት።

«ከጠለፋ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ካስታረቀ ጥፋቱ ይሰረዛል።»

ባቄላውን በእጁ እንደጨበጠ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቱ ስንት ያኖራሉ፣ መምህር?»

«ተጠያቂው አንተ ነህ።»

«የጎረቤቴ ልጅ ያቺን ተማሪዎን ሲጠልፍ አንቱ ሽማግሌ ገብተው አልነበር? እርቁ ላይ እኔም በልቻለሁ። ለኔም እንዲሁ ሽማግሌ የሚገባልኝ መስሎኝ ነው የጠለፍኩት።»

ይህን ያለው ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። አምስቱንም አኖረ። ሞላሁለት።

እውነት ነው፤ ገብቻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ በሒሳብ የሚያህላት አልነበረም። ጠላፊው ድንጋይ ተሸክሞ አባትዬው እግር ላይ ሲወድቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ደም እንዳይፋሰስ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ከዚያም ረሳሁት። መርሳቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሁሉንም ጠይቄ ስጨርስ አንድ ወረቀት ተረፈ። የራሴን መልስ ሞላሁበት። ያ የሽማግሌው ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ ያኔ ያመንኩት ያንን ነበርና፣ አምስት ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ያደረግሁትን ጻፍኩ። ስም አይጻፍም። አለቃው ግን የሚወጣን ወረቀት ሁሉ ሳያይ አያሳልፍም፤ ተመራማሪዋ ብትቃወምም የሰማት አልነበረም። የእጅ ጽሑፌን ያውቃል። ይህንንም እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

በማግስቱ አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አብረውህ ምርጫውን የታዘቡት ሁለቱ መምህራን መሣሪያ ደብቀዋል ብለህ ፈርም፣ ይህን እቀደዋለሁ። አለዚያ እስረኛው ሁሉ በተሰለፈበት ቆጠራ ላይ አስነብበዋለሁ። ወገዳ ይደርሳል፤ ሚስትህም በገዛ እጅህ ያመንከውን ትሰማለች።»

ሁለቱም ዱላ እንኳ የላቸውም። ፈራሁ። የሚስቴ ፊት መጣብኝ፤ በዚያ እርቅ ጊዜ ለሳምንት አኩርፋኝ ነበር።

«ሌላ ሰው አያድክሙ፣ እኔው አነብበዋለሁ» አልኩት።

ግቢው ውስጥ ተሰልፈን፣ ቆጠራው እንዳለቀ፣ አነበብኩ።

«ተማሪዬ ስትጠለፍ ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ፤ አባቷንም አሳመንኩ። እሷን ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።»

አለቃው ሳቅ ይጠብቅ ነበር። የሳቀ የለም። የሲማዳው ገበሬ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳህናቸው በላሁ። ወዳጅ ግን አልሆንንም፤ ጥፋታቸው በኔ ጥፋት አልቀለለም። የኔም በነሱ።

ከተፈታሁ በኋላ ያቺን ተማሪዬን ወገዳ ገበያ ላይ አገኘኋት። ባሏን ፈትታ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። የሸመገልኩባትን፣ የጻፍኩትን፣ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ሽንኩርቱን እየመደበች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አባቴ እንኳ እምቢ ብሎ ነበር» አለች። «መምህሩ ካሉማ ብሎ ነው የሰጠኝ።»

አንድ መደብ ሽንኩርት አስተካክላ ጠየቀችኝ።

«አሁን ይህን የሚነግሩኝ ለኔ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?»

«ለራሴ ነው» አልኳት።

«ይቺን እንኳ እውነት ተናገሩ» ብላ ወደ ቀጣዩ ገዢ ዞረች።

በእስሬ የሚያከብሩኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስለዚያ ዘመን እንድናገር ሲጋብዙኝ የምጀምረው ከእሷ ነው። አንዳንዶቹ ደግመው አይጋብዙኝም።