ማርያም ወራጅ አለ

ኸድር ባጃጅ ሲነዳ ጆሮው እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም። ይህን የሚለው ራሱ ነው። ከኋላ «ማርያም ወራጅ አለ» ካሉት ወደ ማርያም፣ «መናኸሪያ» ካሉት ወደ መናኸሪያ ይታጠፋል። በዚህ ዓይነት ደብረ ታቦር ላይ ዓመታት ሠርቶ ምንም የከፋ ነገር አልደረሰበትም፤ እስከ ፈንታነሽ ምጥ ድረስ።

ለምጥ ጉዳይ የተመረጠውም አፉ እምቢ ማለት ስለማያውቅ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የመስጊዱ፣ የእድሩና የባጃጅ ማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ አምቡላንስ ሲጠፋ ወላዶችን ማን ያደርሳል እያሉ ሲመክሩ፣ ኸድር ቶሎ ሹልክ ለማለት በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። በሩ ደግሞ ከሰብሳቢው ፊት ለፊት ነው። «አንተ ባለድርሻ አካል ነህ» ተባለ። አንገቱን ደፋ፤ እንደ እሺታ ተቆጠረበት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሐሊማ «ድርሻህ ምንድን ነው?» አለችው።

«አልነገሩኝም።»

«አትጠይቅም ነበር?»

«ሰው ብዙ ነበር።»

ፈንታነሽ የጎረቤቱ የእትዬ ሠናይት ምራት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። አዋላጇ ትዝታ «ሁለተኛውን ከጤና ጣቢያ ውጭ እንዳትሞክሪው» ብላታለች። ጠዋት ምጡ ሲመጣ አምቡላንሱ ገጠር ወጥቶ ስለነበር ኸድር ተጠራ።

እንኳን ምጥ፣ ብዙ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ የሚያስደነግጠው ሰው ነው። ፈንታነሽንና አማቷን አሳፍሮ መንዳት ጀመረ። ከኋላ ፈንታነሽ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ምጥ የያዛት ሴት ማርያምን እንደምትጠራ የማያውቅ የለም። ኸድርም ያውቃል። እጁ ግን አያውቅም፤ ታጠፈ።

«ማርያም ደርሰናል» አለ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ።

እትዬ ሠናይት ከተከናነቡት ነጠላ ውስጥ ብቅ ብለው አዩ። «ልጄ፣ ልታስጠምቀው ነው? ገና እኮ አልተወለደም።»

ኸድር ላብ አጠመቀው። ሊመለስ ሲል ሞተሩ ጠፋ፤ ቢሞክር፣ ቢሞክር፣ ከባለቤቱ ተምሮ ነው መሰል ዝም አለ። ፈንታነሽ የመቀመጫውን ብረት ጨብጣ «ደሙ መጣ መሰለኝ» አለች በቀጭን ድምፅ።

ኸድር ሰው ፍለጋ ዘሎ ወረደ። ደግነቱ ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ እየወጣ ነበር። ስብሰባው ላይ አጠገቡ የተቀመጡት ቄስ ይርጋ አዩት።

«ኸድር፣ ምነው በደኅና?»

«ተሳስቼ ነው አባ። ጤና ጣቢያ ነበር።»

«በል ስሕተቱን በኋላ ታወራዋለህ» አሉና ወደ ሰዉ ዞረው ተጣሩ፤ ወዲያውም ለትዝታ ደወሉ። ስብሰባው ላይ ሲያንቀላፉ የነበሩት የእድሩ ዳኛ አቶ ታምራት እንኳ ጋቢያቸውን አደግድገው ባጃጁን ይገፉ ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተነሣ።

ትዝታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ደሙም በመርፌ ቆመ። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ ትዝታ አልጨረሰችውም። ኸድር ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በልቡ ጨረሰው።

ከሰዓት በኋላ ሐሊማ ለገንፎው ቅቤ ይዛ መጣች። ታሪኩን ሰምታ «እኔ ሳምጥ ‹ያ ረቢ› ስል መካ ልትወስደኝ ኖሯል?» አለችው።

«እባክሽ አታስቂኝ፣ ሆዴን» አለች ፈንታነሽ ሕፃኗን አቅፋ።

ኸድር በሩ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። ማርያም የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ፣ ሴቶቹ ሁሉ ወዴት ሊታጠፍ ይሆን ብለው እጁን አዩ።

እትዬ ሠናይት ቅቤው መሐሉ ላይ የቀለጠበትን ገንፎ አቀረቡለት። «እንካ፣ ድርሻህ ነው» አሉት።

አይገባኝም ሊል ፈልጎ ነበር። ግን ያው እምቢ ማለት አያውቅም፤ በላ።