የሃያ ሦስት ሰው ኮድ

ጥፋቱ የጀመረው ከጌጥ ፍለጋ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሆግቭሊት ሰፈር ባለው ቤታችን ቁጭ ብዬ ለቤተ ክርስቲያናችን የንግሥ በዓል ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአማርኛ ፊደል እንደ ቀበሌ ደብዳቤ ደረቀብኝ። የብራና ጽሕፈት የሚመስል ፊደል ስፈልግ፣ በነጻ የሚሰጥ ገጽ አገኘሁና ሳላመነታ አወረድኩ። ፊደሉ አልመጣም። በምትኩ ቀይ መስኮት መጣ፤ ኮምፒውተርሽ በቫይረስ ተወሯል፣ አሁኑኑ ካልጸዳ ሁሉም ነገር ይጠፋል የሚል።

እኔ ደግሞ «ኮምፒውተር ታውቃለች» የምባል ሴት ነኝ። ዴንሃግ፣ ስኬቨኒንገን ባሕሩ አጠገብ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ መስኮት ሥራ ቦታ ቢመጣብኝ እጄን ሰብስቤ አለቃዬን እጠራ ነበር። ቤቴ ውስጥ ግን ማን ይጠይቀኛል? «አጽዳ» የሚለውን ተጫንኩት።

አጽጂ ነኝ ባዩ ራሱ በሽታው ነበር። በትልቅ የጋሻ ምልክት ስክሪኑን ሞልቶት ተቀመጠ። ቫይረስ ቆጠርኩ ይላል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ የባንክ ካርድ ቁጥር አምጪ ይላል። ስዘጋው ተመልሶ ይመጣል። ማጥፊያውን ስነካው «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ታገልኩት፣ እልህ ያዘኝና ሰደብኩት ሁሉ።

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ፐርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ ነገር የማያንዛዛ ሰው ነው። ስክሪኑን አንዴ አየና ቀጥ ብሎ ሄዶ የኢንተርኔቱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀለው።

«እኛ ጋ ደወል ሲጮኽ መጀመሪያ ቫልቭ ይዘጋል» አለ። «ማን አጠፋ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ምን አለው ውስጡ?»

«ፎቶ» አልኩ።

ዋሽቼ ነበር። ውስጡ «ዝርዝር» የሚባል ፋይል አለ። እኛ ስደተኞቹ ዘንድ ደች ቋንቋ በደንብ የማይችል ሰው ወረቀቱን ሁሉ ለሚችል ሰው ያስረክባል። የቤት ኪራይ ድጎማው፣ የጤና መድኑ፣ ከኸሜንተ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣው ደብዳቤ፣ ሁሉም ከመንግሥት ድረ ገጽ መግቢያ ኮዱ ጋር ይመጣል። «ያዢልኝ፣ እኔ እረሳዋለሁ» ይሉኛል። እኔም እይዝላቸዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወረፋ ይዘው ሲጠብቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ይዋሻል! የሃያ ሦስት ሰው ኮድ ነበረኝ።

ባለቤቴ ፊቴን አየና «ምንድን ነው ያለው?» አለ እንደገና። ነገርኩት። የሰዎቹን ብዛት ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስሙን በአማርኛ ነው የጻፍኩት» አልኩት። «ሌባው አያነበውም።»

«ኮዱስ?»

ኮዱማ በላቲን ፊደል ነው። ከያንዳንዱ አጠገብ የመግቢያ ስማቸውም ጭምር። 

ከዚያ ማጽዳት ጀመርን። በስልኬ አካሄዱን እያነበብኩ ኮምፒውተሩ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ አደረግኩት። ጩኸቱ ቆመ። የተጫኑትን ፕሮግራሞች በቀናቸው ደርድሬ ሳይ፣ የዛሬ ቀን ያለባቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባለ ጋሻው፣ ሌላው ምልክት እንኳ የሌለው። ባለ ጋሻውን ላስወግድ ስል ያለ ጥበቃ ልትቀሪ ነው ብሎ አስፈራራኝ። እሺ እቀራለሁ ብዬ ነቀልኩት። ሁለተኛው ግን እምቢ አለ። ፋይሉን በቀጥታ ከተደበቀበት ፈልጌ፣ ስሙን ሦስቴ አንብቤ ሰረዝኩት፤ የማይሆን ነገር ብሰርዝ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አይነሳም። ባለቤቴ በራሱ ኮምፒውተር እውነተኛውን መመርመሪያ አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። ምርመራው እንደ ኤሊ እየተጎተተ ሄደ።

በመጨረሻ ውጤቱ መጣ። ባለ ጋሻው ለካ ማስፈራሪያ ብቻ ነበር። ምልክት የሌለው ግን ፋይል እየለቀመ ወደ ውጭ የሚልክ ዓይነት ነው። ቅሪቱም ተጠራርጎ ወጣ፣ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው ተባለ። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ዝርዝሩን ወስዶ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል አስቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ጸድቷል፣ ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ። ብነግራቸው ግን ያቺ አዋቂ ሴትዮ በአንድ ከሰዓት ታበቃለች። አፈርኩ። ይልቁንም ያሳፈረኝ ለነሱ ከፈራሁት በላይ ለስሜ መፍራቴ ነው።

ባለቤቴ ስልኬን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ከላይ ጀምሪ» አለኝ።

ደወልኩ። ኮዳችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ። አንዱ ጮኸብኝ፣ አንዷ ስልኩን ዘጋችብኝ፣ ብዙዎቹ ደግሞ አጽናኑኝ፤ ያጽናኑኝ የባሰ አሳመሙኝ። ሃያ ሁለቱን አገኘኋቸው። ዴልፍስሃቨን የሚኖሩት አሮጊት ስልክ ግን ተይዟል። ደጋግሜ ብሞክርም ያው ነው። ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው የለመዱት፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከማን ጋር ነው ይህን ያህል የሚያወሩት? አንድ ሰው ከመንግሥት ነው የምደውለው እያለ እያዋራቸው ቢሆንስ? ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ።

በሜትሮው ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። የፐርኒስ የነዳጅ ጋኖች በመስኮቱ ሲያልፉ፣ ስኺዳም ጣቢያ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ እኔ ቆሜ እደውላለሁ። አሁንም ተይዟል። ከጣቢያው እስከ ቤታቸው በሩጫ ነው የደረስኩት።

በሩን ሲከፍቱልኝ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነበር። «አስመራ ያለችው እህቴ ናት» አሉኝ እየሳቁ። «ግቢ ጓለይ፣ ግቢ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?» ግድግዳውን ተደግፌ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የራሳቸውን ታብሌት አመጡና ወደ እኔ ገፉት። «በይ ቀይሪው፣ ያዢልኝም።»

«ከእንግዲህ አልይዝም፣ እማማ። እርስዎ ነዎት የሚመርጡት፤ እኔም ማየት የለብኝም።»

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ሰለቸሁሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

ይህን አልጠበቅኩም ነበር።  አምጡት፣ እኔ እይዘዋለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ፊታቸው ይፈታል፣ እኔም ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። «አልሰለቹኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብዳቤዎን ላነብልዎ እመጣለሁ» አልኳቸው፤ «ኮዱን ግን አልይዝም።» መቀየሪያውን ገጽ ከፈትኩላቸውና ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

በአንድ ጣት ሲጽፉ ይሰማኛል። ይጽፋሉ፣ ያቆማሉ፣ ያጠፋሉ፣ በትግርኛ ያጉረመርማሉ። ዞሬ ላግዛቸው ምንኛ እንደፈለግኩ። ገጹ ሁለቴ መለሳቸው። በሦስተኛው «ተቀበለኝ!» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ልንገርሽ?»

«እንዳይነግሩኝ!» ብዬ ወደ እሳቸው ዞሬ ጆሮዬን ያዝኩ።

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀረ፣ ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ብረሳውስ፣ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም፣ እማማ።»

 ከዚያ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው መልሰው አደረጉትና ታብሌቱን አነሱ።

«እንግዲያው ልለማመደው» አሉ። «ወደ መስኮቱ ዙሪ።»