ለብየዳ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሮቤ ውስጥ ከሙሉካ እደበቃለሁ የሚል ሠልጣኝ ካለ ገና አላወቃትም ማለት ነው። የብየዳ አሠልጣኝ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ከመዶሻዋ ይልቅ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ሥልጠናውን አቋርጦ የጠፋ ካለ ፍለጋ ትወጣለች። የስንዴ አጨዳ ደርሶ ኮምባይነር ላይ ሊሠራ ሲናና ወረዳ የሄደውን ከማሳ መሀል ጎትታ አምጥታለች። ጎባ ገበያ ጫማ ሲሸጥ ያገኘችውን ደግሞ አብራው ቆማ፣ ከገዢ ጋር ተከራክራ፣ ጫማውን ሁሉ ሸጠችለትና "አሁንስ ምን ቀረህ?" ብላ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችው።

በ2003 ዓ.ም. ግን ሳቢሪን አስቸገረቻት። ከሠልጣኞቹ በእጇ የሚስተካከላት አልነበረም፤ የብቃት ምዘናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀረች። ያስቀሯት አባቷ ኦቦ ጀሊል ናቸው። የብየዳ ፍንጣሪ ቀሚሷን በሳስቶት ስትመጣ ዓይተው "ይህችን ማን ያገባታል?" አሉ፤ አለቀ። ምዘናው ካመለጣት የዓመቱን ልፋት ውሃ በላው። ሙሉካ ሁለት ጊዜ ሄዳ ለመነቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥተው ሸኟት።

በሦስተኛው ሽማግሌ ላከች፤ ሀጂ ማሜን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር። "በወግ ይጠየቅልኝ" አለቻቸው። ሀጂ ማሜ ደግሞ ከወግ ሌላ የሚያውቁት መንገድ የለም። ማለዳ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ኦቦ ጀሊል ሳሎን ገብተው ቆሙ። ሙሉካ በጓሮ ዞራ ሳቢሪንና እናቷ ያሉበት ማድቤት ገባች። መልሱ ሳይታወቅ ለሳቢሪን ምንም አልነግራትም ብላ ጆሮዋን ቀስራ ተቀመጠች።

"ተቀመጡ እንጂ!" አሉ ኦቦ ጀሊል።

"እሺ ሳትለን አንቀመጥም" አሉ ሀጂ ማሜ። "ሰው ልኮን ነው የመጣነው። ስለ ሳቢሪን ነው።"

ሦስት ሽማግሌ፣ በማለዳ፣ አንቀመጥም ብለው፣ ስለ ሴት ልጅ! ይህን አይቶ ሌላ ነገር የሚያስብ አባት ባሌ ውስጥ አልተወለደም። የተጨነቁበት ጉዳይ በእግሩ ሄዶ ቤታቸው ገባላቸው።

"ሰጥቻለሁ! ወላሂ ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ በቃ!"

ማድቤት ውስጥ እናቷ ዙቤዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ሳቢሪን የያዘችው ሰሐን አምልጧት ተሰበረ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሙሉካ አንድ ሥልጠና ይህን ያህል ያስደስታቸዋል ብላ ስላልጠበቀች ደስታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ፤ አብራ እልል አለች። "ቲቸር፣ እርስዎም?" ብላ ሳቢሪን ስታለቅስ ነው የገባት።

"ኧረ ቆዩ! ኧረ በአላህ!" እያለች ወደ ሳሎን ሮጠች። ሳቢሪንና ዙቤዳ ተከተሏት። ግን ዘግይታለች።

"የልጁ አባት ማን ይባላል?" ብለዋል ኦቦ ጀሊል።

"የየትኛው ልጅ?" አሉ ሀጂ ማሜ ግራ ገብቷቸው።

"የሙሽራው ነዋ!"

"ሙሽራ የለም፣ ጀሊል። ወደ ብየዳዋ መልሳት ልንል ነው የመጣነው።"

ሙሉካ አበቃልኝ አለች፤ እዚህ ቤት ከእንግዲህ ሻይም አይቀዳልኝም። ይህን ስታስብ ግን ከኋላዋ ሳቅ ተሰማ። ሳቢሪን ናት፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች።

ኦቦ ጀሊል ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ።

"ሰጠሁሽ ስል አለቀስሽ። አሁን ምን ያስቅሻል?"

"ለብየዳ ነዋ የሰጡኝ፣ አባ።"

ኦቦ ጀሊል ጢማቸውን ያዙ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሀጂ ማሜን የደነገጠ ፊት ሲያዩ ግን ሳቅ ቀደማቸው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ ሙሉካማ የበሩን መቃን ይዛ መቆም አቃታት።

"ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም" አሉ ኦቦ ጀሊል በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ሂጂ። ምዘናሽን እስክትጨርሺ እውነተኛ ጠያቂ ቢመጣ እንኳ፣ ተሰጥታለች ብዬ ነው የምመልሰው።"