ለአባቴ ያነበብኩለት የፊልም መግቢያ

ገላን ኮንዶሚኒየም ባለው ቤቴ ለአንድ የፍቅር ፊልም ርዕሱና የተዋንያኑ ስሞች የሚወጡበትን የመግቢያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሙዚቃውን ስከፍተው ዝቅ ያለ የከበሮ ድምፅ ወጣና ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ።

አባቴ በሕመም የዓይኑን ብርሃን ካጣ ወዲህ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት ለምኜ ለምኜ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ይዤው ሄድኩ። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን ከበሮ ቀስ እያለ መምታት ጀመረ።

«ጽሑፉ እንዴት ነው የሚመጣው?» አለኝ በጆሮዬ።

«ቀይ ነው አባዬ። ብቅ ይልና ይጠፋል።»

«እንግዲያው የሚያስፈራ ፊልም ነው። እጄን እንዳትለቂ!»

ወዲያው ከቴሌቪዥኑ ጩኸት ሲወጣ ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ እሱ ግን ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁት ዓመት አልፎኝ ነበር። ስንመለስ «መጀመሪያውን ካሳየሽኝ የቀረውን ራሴ አየዋለሁ» አለኝ። ስለ ፊልሙ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ምርኩዙን ይዞ ብቻውን እስከ ሱቅ ሄደ።

አሁን ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል።

«ይሄ ያስፈራል» አለኝ።

ከበሮውን አውጥቼ ክራር አስገባሁ።

«አሁን ፍቅር ሆነ» አለ። «ስሞቹን ግን አታቻኩያቸው።»