ያለ ሰው የተሳበው ፈረስ

ዳይሬክተር ነኝ ያለው ራሱ ነው፤ ማንም አልመረጠውም። የመመረቂያ ሥራችን አጭር ዶክመንታሪ እንዲሆን ተወስኖ ሦስታችን አንድ ቡድን ውስጥ የተመደብን ቀን፣ ገና ስለ ርዕስ ሳንነጋገር፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዞረና በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ በመሃሉ ያየኝ ጀመር። በእንጅባራ ብርድ የፀሐይ መነጽር ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው ነው። እኔ ድምፅ ቀጂና ኤዲተር ሆንኩ፤ ሦስተኛው ልጅ ካሜራ ያዘ። ካሜራ ያዡ ቅረጽ ሲሉት ይቀርጻል፣ ብላ ሲሉት ይበላል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዕቅድ አወጣን። ዕቅድ ስል እሱ ተናገረ፣ እኛ ሰማን ማለቴ ነው። "ፈረስ መኖር አለበት" አለ። አዊ ውስጥ የሚማር ሁሉ የሚቀርጸው ፈረስ ነው። ከኛ በፊት የነበሩትም ፈረስ፣ ከነሱ በፊት የነበሩትም ፈረስ፤ አቧራ፣ ጭራ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ኮቴ፣ ከጀርባው ዋሽንት። እኔ ስለ ድንች ወይም ስለ ከሰል እንሥራ ብዬ ነበር፤ የዚህ አገር ሰው ግማሹ ድንች ሲቆፍር፣ ግማሹ ከሰል ሲያከስል ነው የሚውለው። "ድንች ስሜት የለውም" አለኝ። ይህን ሲለኝ አፉ ውስጥ ድንች ነበር።

ካልቀረ ብዬ ወደ አጎቴ ወሰድኳቸው። እኔ ያደግሁት ዳንግላ ነው፤ እናቴ ግን የተወለደችው ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ዛሬም እዚያው ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጃቸው እንጅባራ ባጃጅ ይነዳል። አጎቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደርሱት በየመንገዱ እየተቀመጡ ነው። ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ገበያ ይወርዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሙሽራ ያጅባሉ፣ በጥር በፈረሰኞቹ በዓል ከጎረምሳው መሃል ይሰለፋሉ። ፈረሱን ወስዶ "ይቀመጡ ቤትዎ" ማለት ለሳቸው በቁም መቅበር ነው። ልጃቸው ደግሞ "አርጅተዋል፣ አንድ ቀን ይጥልዎታል፣ ይሸጥ" እያለ ሲነዘንዛቸው ከርሟል። አጎቴ እንቅረጽዎ ስንላቸው እሺ ያሉት ለዚሁ ነው። "ፈረሴ ላይ ስቀመጥ አሳዩኝ፤ ያ ልጅ ይየው" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

የቀረጻው ቀን ጠዋት ብራ ሆነ። አጎቴ ፈረሱን በሙሉ ጌጡ ጭነው ጠበቁን፤ ኮርቻው ተወልውሏል፣ ቀዩ የጌጥ ጨርቅ፣ ግላሱ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ተዘርግቷል። ደጃፋቸው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ እሱ ላይ ቆመው ነው የሚወጡት። እኛ መሣሪያ ስናዘጋጅ ጓሮ ያለው አውራ ዶሮ አላስቆም አላስቀምጥ አለን፤ ያንንም ለሙከራ ቀዳሁት። ከዚያ አጎቴ ድንጋዩ ላይ ቆሙ፣ እርካቡን ረገጡ፣ አቃሰቱ፣ ወጡ። ከወጡ በኋላ ወገባቸው ቀጥ አለ። በሐይቁ አፋፍ ያለውን መንገድ ይዘው፣ ፈረሱን በአዊኛ እያናገሩ፣ እስከ ጥዱ ጋልበው ተመለሱ። ሲወርዱ እጃቸውን ሳምኩ፤ እውነቴን ነው፣ አኮሩኝ።

ዳይሬክተሩ ፊቱን አጨፈገገ። "ድንጋዩ ነገሩን አበላሸው። ጀግና ድንጋይ ላይ ቆሞ ፈረስ ይወጣል እንዴ?" አለኝ። አንተ ብሎ ጀግና አዋቂ! ባጃጅ ውስጥ በገባ ቁጥር ጭንቅላቱን የሚመታ ሰው እኮ ነው።

የካሜራው ባትሪ ወደ ማለቁ ነበር፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ መብራት ጠፍቷል። ትርፎቹን ባትሪዎች ይዤ ቻርጅ ላደርግ እንጅባራ ወረድኩ። ስሄድ አጎቴ ምሳቸውን ሊበሉ ገብተዋል። ዳይሬክተሩ "እኛ እዚሁ ትንንሽ ነገር እንቀርጻለን፤ ኮርቻው፣ ዓይኑ፣ ኮቴው" አለኝ።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ይጫናል፤ ማንም ግን አይቀመጥበትም። በልጓሙ እየተሳበ ለቅሶው መሃል ይዞራል፤ ሰው ባዶውን ኮርቻ እያየ ያለቅሳል። ይህን ሕፃኑም ያውቃል። እንዲህ ያለ ፈረስ ከሩቅ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ የማን ፈረስ እንደሆነ ካየ ይበቃዋል።

ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ በባጃጁ መለሰኝ። ጉም ወርዷል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ፣ አፋፉ ላይ፣ ቀይ ግላስ የለበሰው ፈረስ ማንም ሳይቀመጥበት ሲሄድ አየን። ፊት ፊቱ ጋቢ የተከናነበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ልጓሙን ይስባል። ከማዶ አንዲት ሴት እሪ አለች። ጠዋት ደረታቸው ላይ ማይክ ያሰርኩላቸው ሰው፣ እጃቸው የሞቀ፣ በቃ ሞቱ ብዬ አመንኩ። ልጃቸው ባጃጁን ሞተሩ እንደበራ መንገድ መሃል ጥሎት "አባቴን! አባቴን!" እያለ ሮጠ፤ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደረቱን ደቃ። እኔም እየጮኽሁ ተከተልኩት። ከየማሳው ሰው ዶማውን እየጣለ መጣ። የመንደሩ ሸክላ ሠሪ ሚስት ሳትቀር ፊቷን እየነጨች መጣች።

ጋቢ የለበሰው ዳይሬክተሩ ነበር፤ ባዶ ኮርቻ በጉም ውስጥ ያምራል ብሎ ነው ፈረሱን ይዞ የወጣው። ኮፍያው እንዳይታይ ብሎ የአጎቴን ጋቢ ከበር ላይ አንስቶ ተከናንቧል። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ሲመጣ ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ወደ ካሜራ ያዡ ዞሮ "እንዳታቆም! ቅረጽ!" አለ። ያ ደግሞ ቀረጸ።

አጎቴ ጩኸቱን ሰሙት። ጎረቤት ሞተ ብለው የያዙትን ድንች አስቀምጠው፣ ነጠላ ደርበው፣ በዱላቸው እያነከሱ መጡና ከለቅሶኛው ኋላ ቆሙ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት "ማን ነው የሞተው?" አሏት። ዘወር ብላ ስታያቸው እሪታዋን አቋረጠች። "እርስዎ!" አለች።

"እኔ?" አሉ አጎቴ፤ "መቼ?"

ሳቅን። ያለቀሰውም ሳቀ። ልጃቸው እግራቸው ላይ ተደፍቶ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር። ዳይሬክተሩም ሳቀ፤ እሱ የሳቀው ግን ስለ ተቀረጸለት ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በሕይወት እያለ ፈረሱ ለለቅሶ የወጣበት ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ ሥርዓትም አልነበረውም። ሥርዓት የለንም ብሎ ተነሥቶ መሄድ ምን ችግር ነበረው? ቁጭ ብለው ሠሩለት። "ለቅሶ የወጣ ፈረስ ላይ ባለቤቱ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ሞቱን ይጠራል" አሉ። ትናንት ያልነበረው ሕግ ዛሬ ከጥንት የወረደ ሆነ። እንዲያውም አንዱ ሽማግሌ አያቱ ሲናገሩት ሰምቶ ነበር። አቤት ቅጥፈት! ልጃቸውም የዚያን ቀን ድንጋጤ ወደ ግትርነት ዞረበትና "ፈረሱ ለጥር በዓል ሰሞን ይሸጥ፤ ከእንግዲህ ወዲያ አልሰማም" አለ።

አጎቴ አልተከራከሩም። እኔን ያንጨረጨረኝ ይኼ ነው። "ጋሼ፣ ዝም ብለው አይቀመጡበትም? ማን ምን ያመጣል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሞቱን ፈርቼ መሰለሽ?" አሉኝ። "ብወጣ ያየኝ ሁሉ መቼ ይወድቃል እያለ ነው የሚያየኝ። ሰው እንዲያ እያየሽ ፈረስ አይጋለብም።"

ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ያበሉታል፣ ያሹታል፣ ኮርቻውን ይወለውላሉ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው በየመንገዱ እየተቀመጡ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ዳይሬክተሩ ግን በደስታ ሊያብድ ነው። "ወርቅ ነው ያገኘነው፣ ወርቅ!" ይላል። የሆነውን ስነግረው፣ ፈረሱ በሱ ምክንያት ሊሸጥ መሆኑን ስነግረው፣ ትንሽ አሰብ አደረገና "ሽያጩንም ብንቀርጸው?" አለኝ። በጥፊ አለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አማካሪ መምህራችን የለቅሶውን ምስል አይተው "ጥልቅ ነው" አሉ። ለሳቸው ጉም ያለበት ነገር ሁሉ ጥልቅ ነው።

ትረካውን ራሱ ጻፈው፤ ራሱ አነበበው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ፣ ድምፁን ከሆዱ ጎትቶ፣ "ፈረሰኛው አልፏል። ዘመኑም አብሮት አልፏል" አለ።

"ፈረሰኛው እቤታቸው ድንች እየላጡ ነው" አልኩት።

"ተምሳሌት ነው። አንቺ አይገባሽም።"

በሱ ቅደም ተከተል አጎቴ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ ድንጋዩ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ ባዶው ኮርቻ፣ ከዚያ ለቅሶው፣ ከዚያ ትረካው፣ ከዚያ ጨለማ። የመጨረሻውን ኤዲት ለኔ ትቶልኝ ፖስተር ሊያሠራ ሄደ። "ራእዩን ሰጥቼሻለሁ፤ የቀረው ቁልፍ መጫን ነው" ብሎኝ። ፖስተሩ ላይ የሱ ፊት ትልቅ ነው፤ ፈረሱ ጆሮው ሥር አለ።

እኔም ቁልፍ ጫንኩ። የኤዲቲንግ ክፍሉ ኮምፒዩተር ያለበትን አመል ሁሉ ችዬ ከሰዓቱን ሙሉ ምስሎቹን አገላበጥኳቸው። የግልቢያው ምስል ፀሐይ አለው፤ የለቅሶው ጉም አለው። ሁለቱ የአንድ ቀን ናቸው የሚል ነገር የትም ቦታ የለም። ግልቢያውን ከፊት አንሥቼ ከመጨረሻው ወሰድኩት፤ ከነድንጋዩ፣ ከነማቃሰታቸው፣ ከነአዊኛቸው፣ ምንም ሳልቆርጥ። "ፈረሰኛው አልፏል" ከሚለው በኋላ ጨለማውን ተውኩለት፤ ጨለማው ላይ የአጎቴን አውራ ዶሮ አስገባሁ። በማግስቱ የሚል ጽሑፍ አልጻፍኩም። ዶሮ ብቻ።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ሽማግሌዎቹን በሚኒባስ አስመጥተው፣ ነጭ ልበሱ ብለው፣ ከፕላስቲክ አበባ ፊት ደርድረዋቸዋል። አጎቴ መሃላቸው፣ ልጃቸው ከጎናቸው ነው። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ራሱ የልጅነት ሕልም ሲያወራ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። ባዶው ኮርቻ በጉም ውስጥ አለፈ፤ ለቅሶው መጣ፤ የመንደሩ ሴቶች የገዛ እሪታቸውን ሰምተው እንደገና አለቀሱ። አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። የገዛ ለቅሷቸውን ሕዝብ ፊት ቁጭ ብሎ ማየት ቀላል አይደለም። ያ ከሆድ የተጎተተ ድምፅ "ፈረሰኛው አልፏል" አለ። ጨለመ። ዳይሬክተሩ ለጭብጨባው ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀመረ።

ዶሮ ጮኸ።

ፀሐይ ወጣ። አጎቴ ድንጋዩ ላይ ቆሙ፣ እርካቡን ረገጡ፣ አቃሰቱ፣ ወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩ ግማሽ ቆሞ፣ ግማሽ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። መምህራችን "ትንሣኤ! ጥልቅ ነው!" አሉ። ይህን ሲሰማ አፉን ገጠመና አጠገቡ ላለው ሰው "የኔ ሐሳብ ነው" አለው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያ አያቱን ምስክር የጠራው ሽማግሌ ወደ አጎቴ ዘንበል ብሎ "አንተ! ተቀምጠህ ኖሯል እንዴ?" አላቸው።

አጎቴ ዘወር ብለው ኋላ ያለሁትን እኔን ፈለጉ። አገኙኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ግልቢያው የትኛው ጠዋት እንደሆነ ከኔና ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አይ፣ ካሜራ ያዡም ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ተናገር አልተባለም። ዳይሬክተሩም ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ሐሳቡ የኔ ነው ብሎ ጨርሷል።

"መቼ ነው የተቀመጥከው?" አለ ሽማግሌው።

"ዶሮ ሲጮኽ አልሰማህም?" አሉ አጎቴ።

"እና ምንም አልሆንክ?"

"ይኸው ነኛ። ንካኝ።"

ሽማግሌው በጣቱ ጉልበታቸውን ነካ አደረገ። ከዚያ ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች አንድ በአንድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊመለሱ ሲሉ ሚኒባሱ ድረስ ስሸኛቸው፣ ያው ሽማግሌ አያቱ ሌላም ነገር ብለው እንደነበር አስታወሰ፤ ባለቤቱ ከሁለተኛው ዶሮ በፊት ከተቀመጠ ነገሩ ይሽራል። ልስቅ ስል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት የአጎቴን ጋቢ ልመልስ ሄድኩ፤ ዳይሬክተሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ዶርም ውስጥ ይተኛበት ነበር። ስደርስ ፈረሱ ተጭኗል። ልጃቸው ባጃጁን ከአጥሩ ውጪ አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ፈረሱ ጎን እየገፋ ነው። አጎቴ ቆመው ያዩታል፤ "ትንሽ ወደዚህ" ይሉታል። ድንጋዩን አስተካከለና እርካቡን ያዘላቸው።

ዳይሬክተሩ ይህን አልቀረጸውም። እንኳንም አልቀረጸው።