ለወንድሜ የወጡለት ሁለት ስሞች

የእህቴ ልጅ ሜሮን የአእምሮ ሕክምና ትማራለች። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ «አክስቴ፣ አንዱ በሽተኛ እኮ በአንዱ የሕክምና መጽሐፍ ሲመረመር አንድ የበሽታ ስም፣ በሌላው መጽሐፍ ሲመረመር ሌላ ስም የሚወጣለት ጊዜ አለ» ብላ ሳቀች። እሷ ምን አለባት! እኔ ግን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ከብዶ፣ ከቁስቋም የሚወርደው ጎርፍ የጉለሌን መንገድ ጭቃ በጭቃ አድርጎታል። የታላቅ ወንድሜ የግርማ ጓደኛ ከቤቱ ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግርማ እህል አስጠላው፣ እንቅልፍ አጣ። የሚወደው የበቆሎ እሸት እንኳ ተጠብሶ ቢሰጠው እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። «ሰውዬው ይከታተለኛል» ይላል ደጋግሞ።

ሰውዬው ደግሞ ነበረ! ካኪ ለብሶ ከበራችን ትይዩ ካለው ሱቅ ጥግ ይቆማል። እኔም አይቼዋለሁ፣ እማዬም አይታዋለች። ግን እንኳን ለሰው፣ እርስ በርሳችንም አናነሳውም። ያኔ ግድግዳም ጆሮ ነበረው።

እማዬ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ ከሶሻሊስት አገር የመጣ ፈረንጅ ነው። አጠገቡ አስተርጓሚ አለ፤ ለማን እንደሚያድር አናውቅም። ግርማ ሁሉንም ዘረገፈው። አስተርጓሚው ወደ እማዬ ዞሮ፣ «የሚከታተለው ሰው በእርግጥ አለ ወይ? ይላል ሐኪሙ» አላት።

አለ ብትል፣ «ምን አድርጎ ነው የሚከታተሉት?» መባሉ አይቀርም። እማዬ፣ «ኧረ በማርያም! ማንም የለም። ልጄን አሞት ነው እንጂ» አለች።

ግርማ ዞሮ አያት። ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም።

ሐኪሙ «ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ በሽታ ነው፤ የዕድሜ ልክ ነው» አለ። በሰጠው መድኃኒት ወንድሜ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ለሃጩም ይዝረበረብ ጀመር። እማዬ «ልጄን ገደልኩት!» እያለች ወደ ሌላ ሐኪም ወሰደችው፤ እንግሊዝ አገር የተማረ ሐበሻ ነበር። መርምሮት ሲያበቃ ግርማን ውጭ አስቀመጠውና በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እዚህ ሌላ ጆሮ የለም። የሚከታተለው ሰው አለ?» አላት። እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን «አለ» አልኩ።

ሐኪሙ ወደ እማዬ ጠጋ ብሎ እንዲህ አለን፦ «እንግዲያው ይሄ የሐዘንና የፍርሃት ሕመም ነው፤ ያልፋል። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እናስቆመዋለን። ለሰፈር ሰው ግን የፊተኛውን የበሽታ ስም ንገሩ። እብድን ማን ይፈልገዋል?»

እንዳለውም ሆነ። እማዬ በየደጁ «ልጄ አበደብኝ» እያለች አለቀሰች፤ እንባዋስ የእውነት ነበር። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ከሱቁ ጥግ ጠፋ። ግርማ ተረፈ፤ ስሙ ግን አለቀቀውም። ሥራ ሲፈልግም ሆነ ሚስት ሲጠይቅ ቀድሞት ይደርስ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ስነግራት፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። «ታዲያ ትክክሉ የቱ ነበር?» አለችኝ።

«መጽሐፎቻችሁ ቢስማሙስ ልጄ፣ የፈራ ሰው ምን እውነት ይነግራችኋል?» አልኳት።

ለካ ግርማ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይሰማን ኖሯል። «አክስትሽ ስለምትወደኝ ነው እንዲህ የምትለው» አላት ፈገግ ብሎ። «ሰው አልነበረም። እኔው ነኝ ያመመኝ።»

«ግርማዬ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ተይ እንጂ እህቴ። ማንም የለም ያለችው እማዬ ናት። እማዬ ትዋሻለች?»